ተራ አስከባሪው ኮምፒዩተር

ኩባንያው ሁለት በር ነበረው። የፊተኛው መስታወት ነው፤ ወደ ቢሮው ያስገባል፤ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ፊት ላይ ይደፋል። የኋለኛው ብረት ነው፤ ወደ ሾፌሮች ማረፊያ ያስገባል፤ በበጋ እጀታውን በመሐረብ ካልያዙት ያቃጥላል። እኔ የብረቱ በር ሰው ነበርኩ። ዳላስ ጎረቤት ባለችው ኧርቪንግ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሆቴሎች እየደወሉ ታክሲ የሚያዙት ትንሽ ኩባንያ ነው። መኪናዬ ቁጥር አሥራ አራት ትባላለች። ማቀዝቀዣዋ፣ ኤሲዋ፣ ከኔ በፊት በነበረው ሾፌር ዘመን ሞቷል፤ ቀባሪ አጥቶ ነው እዚያው የቀረው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአሮጌ መጻሕፍት መደብር ያገኘሁት፣ ጡብ የሚያህል የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጽሐፍ መሪው ላይ ተደግፎ ይውላል። ኮል፣ የደንበኛ ጥሪ፣ እስኪመጣ አነባለሁ። ሲሰለቸኝ ጉዞ የምንመዘግብበትን የትሪፕ ወረቀት ገልብጬ ጀርባው ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥሙንም ፕሮግራሙንም ማንም አላስተማረኝም፤ ሁለቱንም እየተሳሳትኩ ነው የተማርኳቸው። ኮምፒዩተር ስትሳሳት ወዲያው ይነግርሃል። ግጥም ግን የሚሰሙልህ ጓደኞችህ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሁልጊዜ "አሪፍ ነው" ይሉሃል። በዚህ ምክንያት ኮምፒዩተሩን ትንሽ አብልጬ አምነው ነበር።

ማረፊያችን ግድግዳ ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የመጣ ሾፌር የመኪናውን ቁጥር ከታች ይጽፋል፤ ሆቴል ሲደውል ከላይ ያለው ይሄዳል፤ ቁጥሩም በእጅጌ ይጠረጋል። ፈረንጁ አለቃችን ያንን ሰሌዳ እንደ ደመኛ ነበር የሚያየው። "አጭር መንገድ ሲመጣ ሾፌሬ ሽንት ቤት ይገባል፤ ረጅም ሲመጣ ይወጣል" ይላል። አልዋሸም። ቦት ጫማውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ፣ ወንበሩን በሁለት እግሩ አቁሞ ኢኮኖሚክስ ያስተምረን ነበር፦ "ሰው ሁሉ ወደ ራሱ ይጎትታል። እኔም፣ አንተም፣ ሆቴሉም። ሁሉም ወደ ራሱ ሲጎትት ገመዱ ይወጠራል፤ ገመዱ ሲወጠር ድንኳኑ ይቆማል።" ቆንጆ ነገር መሰለኝ። ትሪፕ ወረቀቴ ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

አንድ ቀን መጽሐፉን መሪዬ ላይ አየው።

"ያን ሰሌዳ የሚተካ ነገር መሥራት ትችላለህ?"

"እችላለሁ።" አፌ ቀደመኝ።

ውላችን አጭር ነበር። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ይሞከራል። ከሰሌዳው ከተሻለ ሰኞ በመስታወቱ በር እገባለሁ፤ ጠረጴዛና ወንበር አለኝ። ካልተሻለ እሱ ኮምፒዩተሩን ይሸጣል፤ እኔም ወደ አሥራ አራት ቁጥር እመለሳለሁ። ወንበሩን በመስታወቱ አሻግሬ አይቼው ነበር። ጎማ አለው። እግሬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ አንዴ ስገፋው ከጠረጴዛው እስከ መስኮቱ እንደሚወስደኝ በልቤ ለክቻለሁ፤ ዳላስን ከዳር እስከ ዳር ከነዳሁት ሁሉ ያች ጉዞ ትበልጥብኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ልጅ የሚረዳው ዓይነት ነው። ሰሌዳው ዕቃ ቤት ገባ፤ በቦታው ማረፊያው ውስጥ አንድ ስክሪንና ኪቦርድ ተቀመጠ። ኮል ሲመጣ የተራኛው መኪና ቁጥርና የሚሄድበት ቦታ በአረንጓዴ ፊደል ይወጣል። አንድን ከተጫንክ እሺ፣ ሁለትን ከተጫንክ እምቢ። እምቢ ያለ፣ ወይም ደቂቃ ሙሉ ዝም ያለ፣ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይወርዳል። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ አለቃዬ ነው ያዘዘኝ፤ እኔም በሦስት መስመር ጻፍኳት። ፍትሕ በሦስት መስመር! ደስታዬ መጠን አልነበረውም። የዓለምን ችግር ሁሉ በስንት መስመር እንደምጨርስ ማስላት ጀምሬ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሰባት ሾፌሮች ነበሩ፤ ሁሉም ያገሬ ሰዎች። ሁለቱን ላስተዋውቅ። አንደኛው ጋሼ የምንላቸው ናቸው፤ አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፣ በዚያ ሙቀት ከረባት አስረው ነው የሚነዱት፤ አንቱ የማይላቸው የለም። ሌላው ወሎዬው ነው፤ የኔ እኩያ፣ ሳቁ ከመኪናው ጥሩንባ ይበልጣል።

ማሽኑን መጀመሪያ የፈተነው ወሎዬው ነው። ኮሉ መንገድ ተሻግሮ ላለው ሆቴል መሆኑን ሲያይ እንደ ልማዱ ሽንት ቤት ገባ። ስክሪኑ ደቂቃውን ቆጥሮ ከሰልፉ መጨረሻ ጣለው። ቀበቶውን እያጠበቀ ብቅ አለ።

"ኧረ ይሄ ነገር ነውር አያውቅም እንዴ? ሽንት ቤት ድረስ ተከትሎኝ ገባ!"

አለቃችን ከመስታወቱ ማዶ ሲስቅ አየሁት። ወንበሩ በሃሳቤ ወደኔ ተንከባለለ።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ትልቁ ኮል መጣ። ፎርት ወርዝ፣ ያውም የከተማው ወዲያኛው ጫፍ። ዓርብ ዕለት ሁሉም የሚመኘው ትሪፕ ነው። ወሎዬው በዚያ ሰዓት ዳግም ከላይ ደርሶ ነበር፤ ቀጥሎ ጋሼ ናቸው። ሮጦ አንድን ይጫናል ብዬ ስጠብቅ ዞር አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ነው።"

"የምን የኔ? ተራው ያንተ አይደል?"

"ሳምንቱን ሙሉ ሆቴልና ኤርፖርት ሲመላለሱ አይቼዎታለሁ። በቃ፣ በሞቴ ይሂዱ!"

"አንተ ልጅ፣ ሞትህን ለዚህ አታውለው። ሂድ።"

ወሎዬው ሁለትን ተጫነ። ማሽኑ መጨረሻ ላይ ጣለው፤ የጋሼ ቁጥር ወጣ። ጋሼ ከረባታቸውን አስተካከሉ። "የሰው ተራ ነጥቄ? የማይሆን ነገር።" እሳቸውም ሁለት። ሦስተኛው ሾፌር ስክሪኑ ላይ የራሱን ቁጥር ሲያይ ደነገጠ፤ "ጋሼ የተዉትን እኔ ላነሳ?" ሁለት። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ትሪ ላይ የቀረች የመጨረሻ ሥጋ እንደምትዞረው፣ ፎርት ወርዝ ከሰው ወደ ሰው ዞረች። ሰባተኛውም እምቢ ሲል ሁሉም በየተራው ወደ ታች ወርዶ ስላለቀ ከላይ የወጣው ቁጥር የወሎዬው ሆነ።

"አዩ ጋሼ? ማሽኑም ዞሮ እኔው ዘንድ መጣ። እንዲለምንዎት ነው የላከኝ። በሞቴ!" ብሎ ደግሞ ሁለትን ተጫነ።

የዚያን ጊዜ የብረቱ በር ተከፈተና አለቃችን ገባ። በዚያ በር ሲገባ አይቼው አላውቅም። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

"ስትራይክ ነው? አድማ?" አለኝ።

"አይደለም።"

"ሰባት ሾፌር ፎርት ወርዝን እምቢ አለ! ምን ፈልገው ነው?"

"ሽማግሌው እንዲሄዱ ነው የፈለጉት።"

"እሱስ?"

"እሳቸው ደግሞ ልጆቹ እንዲሄዱ ነው የፈለጉት።"

"ታዲያ መሄድ የሚፈልገው ማን ነው?"

"ሁሉም።"

ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ተሳፋሪው በሌላ ኩባንያ ታክሲ ሄዷል። አለቃዬ ስልኩን ዘጋ። "እስከ መውጫ ሰዓት አለህ" አለና ሰሌዳውን ከዕቃ ቤት አስወጥቶ ግድግዳው ሥር አስደገፈው፤ ልክ ኳስ ተጫዋች ሲቀየር ዳር ቆሞ እንደሚያሟሙቅ ተቀያሪ።

ኪቦርዱ ፊት ተቀምጬ ሰሌዳውን ሳይ ቆየሁ። በደንብ አልተጠረገም። የጋሼ ቁጥር አለ፤ ከሥሩ ደብዝዞ አሥራ አራት ይላል። የኔ ቁጥር፣ በኔ እጅ ጽሕፈት። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከጥቂት ሳምንት በፊት ተራዬ ደርሶ ሩቅ ኮል ሲመጣ እኔው ራሴ ሁለቱን ቁጥሮች በእጅጌዬ ጠርጌ ቦታ አለዋውጫቸዋለሁ። ጋሼ "ኧረ ተው፣ ኧረ ተው" እያሉ፣ እኔ እየጻፍኩ። ሁለት ዓመት እንዲህ ስናደርግ ኖረናል፤ ማናችንም ሕግ ብለን አልጠራነውም። ፕሮግራም ልጽፍ ስቀመጥ ግን ይህን ሁሉ ረስቼ፣ የማላውቃቸው ሰባት ገመድ ጎታቾችን አሰልፌ ነበር። የአለቃዬን ሰዎች። ፕሮግራም ብረት አይደለም፤ አንድ ሰው ስለ ሌሎች ሰዎች ያለው አስተያየት ነው፤ እኔ ደግሞ የሰው አስተያየት ነበር የገለበጥኩት።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "ሰው ሲጋብዝዎ ስንት ጊዜ ነው እምቢ የሚሉት?"

"እንደ ሰውየው ነው።"

"ለማሽን የሚነገር ቁጥር ይስጡኝ።"

እንደ አስተማሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሁለት ጊዜ። በመጀመሪያው እሺ ያለ ስግብግብ ነው። በሦስተኛው እምቢ ያለ ደግሞ ጋባዡን ንቋል።"

ይኸው ሕጉ! ሁለትና ሦስት፤ ኮምፒዩተር ከዚህ የቀለለ ነገር አያውቅም። ወዲያው ጻፍኩ። ሦስት ቁጥር አዲስ ሥራ ተሰጣት፤ ሦስትን ተጭነህ የሌላ ሰው መኪና ቁጥር ካስገባህ ትሪፑን ትሰጠዋለህ፤ አንተ የሱን ቦታ ትይዛለህ። ተቀባዩ እምቢ ቢል ማሽኑ አይቀጣውም፤ ደግሞ ይጠይቀዋል። አሁንም እምቢ ቢል ሦስተኛውን አይጠይቅም፤ ትሪፑን በስሙ ይመዘግባል። ምዝገባው ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል መውጣት ነበረበት፤ "ተመዝግቧል" ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ገጣሚ ነኝ። የአማርኛ ፊደል በዚያ ኮምፒዩተር ስላልነበረ ስንኞቼን በእንግሊዝኛ ፊደል አስገባኋቸው።

ከዚያ ጠበቅን። ያን ከሰዓት በኋላ ዓለም ሁሉ ቅርብ ነበር የሚሄደው። ኤርፖርት። ሆቴል። ኤርፖርት። አንዴ ግራንድ ፕሬሪ አንድ መጋዘን በር ላይ፤ እሱንም ለማንም ሳይሰጥ ከላይ ያለው ወሰደው። አለቃዬ ሰዓቱን አየ። ሰሌዳውን አየ። ጃኬቱን ሊያነሳ ሲል ሩቅ ኮል መጣ፤ ዴንተን።

ከላይ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወሎዬው። ከሥሩ ጋሼ። ወሎዬው ወደኔ ጠቀሰና ሦስትን ተጫነ፣ የጋሼን ቁጥር አስገባ።

ጋሼ ቀና እንኳ ሳይሉ ሁለትን ነኩ። ስክሪኑ ደግሞ ጠየቃቸው። መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ ሁለት። ከዚያ አረንጓዴዎቹ ፊደሎች ወጡ፤ ጋሼም እንደ ተማሪ ፊደል እየቆጠሩ፣ ጮክ ብለው አነበቡ፦

ሁለቴ እምቢ ካሉ ይበቃል፣
ይነሱ ጋሼ መንገዱ ይርቃል።

ከዚያ ማረፊያው በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ጠረጴዛ ደበደበ፤ ሌላውን ያ ስንኝ እስክስታ አስመታው።

"ይሄን ማነው የጻፈው?" አሉ ጋሼ።

"ማሽኑ ነዋ!" አለ ወሎዬው።

"ማሽን ቤት አይመታም" አሉና ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ። ቁልፋቸውን አንስተው ወጡ።

አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። "ምን አለው?" አለኝ። ተረጎምኩለት። በእንግሊዝኛ ቤቱ አልመታም።

"እንዲሄድ ከፈለጋችሁ፣ ከመጀመሪያው ዝም ብሎ አይሄድም?"

"ዝም ብለው ቢሄዱ ወሰዱ ነው የሚባለው። አሁን ግን ሰጠናቸው።"

"ዴንተንን የሚሰጥ ሰው" አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሱ። ገመዱ ውስጥ የሆነ ቋጠሮ እንዳየ ሰው ግንባሩን አከከ። ከዚያ ሰሌዳውን በእግሩ ወደ ዕቃ ቤቱ ገፋው። "ሰኞ። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ልበስ።"

ገና ዘወር ከማለቱ ኮል መጣ፤ መንገድ ተሻግሮ ያለው ሆቴል። ወሎዬው ስክሪኑን አየ፣ ሽንት ቤቱን አየ፣ ፊቱ በራ። ሦስትን ተጭኖ የጎረቤቱን ቁጥር አስገባ።

"ስጦታ ነው ወንድሜ! በሞቴ!"

ጎረቤቱ እምቢ አለ፣ ደግሞ እምቢ አለ፤ በሦስተኛው ማሽኑ "ይነሱ ጋሼ" አለው። ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እየተራገመ ሲወጣ ፕሮግራሜ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ገባኝ። "ሰኞ እጠግነዋለሁ!" ብዬ ጮህኩ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ጣፈጠኝ። ሰኞ!

ሰኞ ጠዋት ኮሌታዬን ተኩሼ፣ አሥራ አራት ቁጥርን ለመጨረሻ ጊዜ ፓርክ አድርጌ፣ በፊት በኩል ዞርኩ። አለቃዬም ከመኪናው ወርዶ መስታወቱ በር ላይ ተገናኘን። በሩን ከፍቶ ያዘልኝ።

"ቅደም" አለ።

"አይ፣ አንተ ቅደም።"

"ኦኬ" አለና ገባ። በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ።

ቆምኩ። ሁለተኛውን ልመና እየጠበቅኩ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ቦት ጫማው ሲሄድ፣ ቡና ሲቀዳ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ አየሁት፤ አንዴም ዞር አላለም። ከኋላዬ፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ያ ጥሩንባ ሳቅ መጣ።

"ምን ትጠብቃለህ አንተ? በሞቴ እንዲልህ ነው?"

ሳቄን መያዝ አቅቶኝ በሩን ራሴ ከፈትኩት። ብርዱ ፊቴ ላይ ተደፋ። ወንበሩ ጠረጴዛው ሥር ነበር። ተቀመጥኩ፣ እግሬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ፣ ገፋሁ። መስኮቱን አልፌ ቆሻሻ ቅርጫቱን ጣልኩት።