የንፋስ መውጫው ፍሬዛ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ታቦር፣ ከምሠራበት ጋራዥ ጎን በተከፈተው የብረታ ብረት ቤት በር ሳልፍ፣ ብረት ሲቆረጥ የሚፈስበት ያ ወተት የመሰለ ዘይታም ውኃ ሸተተኝና ሠራተኞቹ ምን ፈልጋ ነው ብለው እስኪያዩኝ ድረስ ቆምኩ። ሽታው ንፋስ መውጫ፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤታችን ወሰደኝ፤ እንደ ሁልጊዜውም ከናፍቆቱ ንዴቱ ቀደመ።

ከስማዳ መጥቼ ስመዘገብ የትምህርት ቤቱ ኩራት በኮምፒውተር የሚታዘዝ የብረት መቁረጫ፣ እኛ ፍሬዛ የምንለው ማሽን ነበር። ጠረጴዛው ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ በሞተር ይሄዳል፤ መቁረጫውን የያዘው ጭንቅላት ግን ከፍና ዝቅ የሚለው በእጅ ብቻ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ ሲሠራ ከእኛ አንዱ አጠገቡ ቆሞ እጀታ ያዞራል። ጓደኛዬ ሙሉቀን ተራው በደረሰ ቁጥር የኮምፒውተር ሎሌ ሆንኩ እያለ ያስቀን ነበር።

አንድ ቀን እትዬ የሺ የሚባሉ፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ሴት፣ የውኃ ፓምፓቸውን ክንፍ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ውኃውን የሚገፋው ጥምዝምዝ ብረት በአሸዋ ተበልቶ አልቋል፣ መለዋወጫው በገበያ የለም፣ ሽንኩርቱም እየጠወለገ ነው። መምህራችን ደምሴ አገላብጠው አዩትና፣ ጭንቅላቱም እንደ ጠረጴዛው በሞተር ካልሄደ እንዲህ ያለ ጥምዝምዝ እንደማይቆረጥ ነገሩን። ከተጣለ ማሽን ላይ ሞተር ፈታን፤ እሳቸው የሞተሩን መቀመጫ ሠሩ፣ እኔ በጥርሳም ቀበቶ ከማንሻው ብሎን ጋር አገናኘሁት፣ ከኮምፒውተሩ ጋር ያግባባው ሙሉቀን ነበር። መጀመሪያ ስንሞክረው መብራት ጠፋና ያ ከባድ ጭንቅላት ቁልቁል ወርዶ መቁረጫውን ሰበረው። መምህር ግን ያረጁ ማረሻዎች ሰብስበው፣ በሰንሰለት አስረው፣ ጭንቅላቱን እንዲያመዝኑት ከበስተኋላው አንጠለጠሉ፤ ከዚያ ወዲያ መብራት ቢጠፋም ካለበት አይነቃነቅም።

ክንፉ ሲቆረጥ ያየሁትን አልረሳውም። ጭንቅላቱ ማንም ሳይነካው ከፍ ዝቅ እያለ ጥምዝምዙን ሲከተል፣ እጀታ የለመደ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። እትዬ የሺም ሽንኩርቱ ሲደርስ ግማሽ ማዳበሪያ ከረጢት ሽንኩርት ተሸክመው መጥተው ወርክሾፑን ሽንኩርት ሽንኩርት አሸተቱት።

ከዚያ እንግዶች ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ነው ተባለ። የትምህርት ቤቱ ዲን ወርክሾፕ ገብተው ሰንሰለቱንና ማረሻዎቹን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ መነካቱን ተናግረው፣ ሲመጣ እንደነበረ እንድንመልሰው አዘዙ።

መምህር ደምሴ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ሲመጣ ይህን ክንፍ መሥራት አይችልም ነበር። አሁን ይችላል። የትኛውን ነው ለእንግዶቹ የምናሳያቸው?" አሏቸው።

"ሲመጣ የነበረውን" አሉ ዲኑ።

ያሰርነውን በገዛ እጃችን አስፈቱን። እንግዶቹ መጡ፣ የማሽኑን ንጽሕና አመስግነው ሄዱ፤ ማሽኑም ሥራ አቁሞ ላስቲክ ለበሰ። ብዙም ሳይቆይ መምህርን መካነ ኢየሱስ ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት አዛወሯቸው፣ ማሽን ወደሌለበት፣ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ፍሬዛ ስለው እንዲያስተምሩ።

በዓመቱ ክንፉ እንደገና ተበላና እትዬ የሺ ተመልሰው መጡ። ዘበኛው ስላላስገባቸው በር ላይ አገኘኋቸውና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ሠርታችሁት የለም እንዴ? የተሠራ ነገር እንዴት አይቻልም ይባላል?" አሉኝ።

እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መናኸሪያው ወረዱ፤ ያ የሽንኩርት መሬታቸው ከዚያ ወዲህ ዝናብ ጠባቂ ሆኖ ቀርቷል። መምህር ደምሴ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሙሉቀን ባጃጅ ይነዳል፣ እኔ የሰው መኪና እጠግናለሁ። ሦስታችን አንድ ላይ ሆነን የምንችለውን ያን ሥራ ዛሬ አንዳችንም ለብቻችን አንችለውም፤ ከእኛ በኋላ የገቡት ተማሪዎችም እንዲህ ያለ ነገር እዚያ ቤት ውስጥ ተሠርቶ እንደነበር የነገራቸው የለም።