ደጀኔ ወለሉ ላይ ያኖረው ጸናጽል

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ሌላውን ነግሬያለሁ፤ ማር ላይ ስኳር ደባልቄ መሸጤን፣ የአምናን ቡና የዘንድሮ ነው ብዬ መማሌን ሁሉ። እነዚያን ስናዘዝ አልከበደኝም፤ እንዲያውም አንዳንዱን ሳወራ ሳቄ ይመጣል። ይኼኛው ግን አፌ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። እናንተ አታውቁኝም፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። ይህም ፈሪነት እንደሆነ አይጠፋኝም።

የምኖረው ጎባ ነው። በሥራ ቀን ከደሎ መና ማርና ቡና አምጥቼ ሮቤ ገበያ አራግፋለሁ፤ በበዓል ቀን ነጠላዬን ለብሼ ማኅሌት እቆማለሁ። ዜማ ያስተማሩኝ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። የኔታ እንላቸዋለን። ዓይናቸው በሽምግልና ጠፍቷል፤ ጆሯቸው ግን ግቢ የገባውን ሰው በእርምጃው ይለይ ነበር። "ዜማ ጸሎት ነው፤ ቂም ይዞ የሚያዜም ይጮኻል እንጂ አይጸልይም" ይሉን ነበር። ስለዚህ ከወንድሙ የተጣላ እስኪታረቅ ድረስ ጸናጽል አያነሳም። ሕጋቸው ይህ ነው።

ከእኔ ጋር የተማረው ደጀኔ ነው። ከአንድ ትሪ በልተን ያደግን ነን። እኔ ድምፅ ነበረኝ። የደጀኔ ሻካራ ነው፤ ግን እሱ ሲያዜም አሮጊቶቹ ማሳላቸውን ይተዋሉ። እኔ ሳዜም "እሰይ!" ይላሉ። ልዩነቱ ያኔ አልገባኝም፤ ወይም ገብቶኝ አናዶኛል። የኔታ አንድ ቀን "ልጄ፣ ድምፁንስ አገኘኸው፤ አሁን የሚጸልይበት ሰው ፈልግለት" አሉኝ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

በደሌ የተጀመረው ሮቤ ቢራ ቤት ነው። የገና በዓል ሊደርስ ሲል የስንዴ ነጋዴዎች ጋበዙኝ። ሞቅ ሲለኝ አንዱ "እስቲ ያንን የቤተ ክርስቲያኑን አሰማን" አለ። አሰማሁ። ማሰማት ብቻ አይደለም፤ የጌታን ስም አውጥቼ የነጋዴውን ስም አስገባሁበት። ግንባሬ ላይ ብር ለጠፉ። አብረን ወደ ጎባ ልንመለስ ውጭ የሚጠብቀኝ ደጀኔ ገብቶ እጄን ያዘኝ።

"ዺሲ! ተው በቃ፣ ይኼ እኮ የእኛ አይደለም።"

"አንተ በዚህ በርሜል ድምፅህ ቀንተህ ነው!" ብዬ ገፈተርኩት። ጠረጴዛ ይዞ ወደቀ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።

ወሬ ከሮቤ ጎባ ለመድረስ ታክሲ አይጠብቅም። ይኼኛው ግን ስም ሳይዝ ደረሰ፤ ከየኔታ ተማሪዎች አንዱ ዜማውን ቢራ ቤት አወጣው ተባለ። በገና ዋዜማ ሁላችን ጸናጽል ይዘን እንደቆምን፣ የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ማን እንደሆነ እንደማይጠይቁ ተናገሩ። "ዜማውን ያዋረደ፣ ከወንድሙም የተቀያየመ፣ ጸናጽሉን ያስቀምጥ። ታርቆ ሲመጣ ያነሳዋል" አሉ።

ደጀኔ ከእኔ ጋር ተጣልቷል፤ ስለዚህ ሕጉ እሱንም ይመለከተዋል። ጎንበስ ብሎ ጸናጽሉን ወለሉ ላይ አኖረ። አንዴ ተንሿሿ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንደጠበቀ አውቃለሁ። ጓደኛዬም ያኖራል፣ ወጥተን እንታረቃለን፣ ተመልሰን አብረን እናነሳለን ብሎ ነው።

እኔ ጸናጽሌን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

የኔታ የሰሙት የአንድ ጸናጽል ድምፅ ነው። ሕዝቡም ያየው አንድ ሰው ነው። ገበያ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው ለእኔ በሚጠቅመኝ ሲሳሳት አለማረም ነው። አንድ ቃል አልዋሸሁም። መዋሸት መቼ አስፈለገኝ? ያን ቀን እንዳዜምኩት አዚሜ አላውቅም። ደጀኔን ግን ሰው ሰላምታ ነፈገው። ፋሲካ ሳይደርስ ደሎ መና ወረደ።

ልጅነት ነው ልትሉልኝ ይሆናል። አትበሉ። ከዓመታት በኋላ የኔታ ታመው ተኙ። አስጠርተውኝ እጄን ያዙና "ደሎ መና ትመላለስ የለ? ለደጀኔ ይቅር ብዬሃለሁ ብለውሃል በለው። መጥቶ ጸናጽሉን ያንሳ፤ ድምፁን ሰምቼ ልሂድ" አሉኝ። እሺ አልኩ። እጃቸው በእጄ ውስጥ ሆኖ ነው እሺ ያልኩት። እዚያው ብናገር ምን ይቀርብኝ ነበር? እሰይ የሚለኝ ሰው?

የሳነቴን ደጋ ጉም አቋርጬ ወረድኩ። ማር ገዛሁ። በደጀኔ ደጅ አለፍኩ። ይቅርታውን ባደርስለት "ለየትኛው ጥፋት?" ይላላ! እኔ በዚያ መንገድ የሰው ዕቃ፣ የሰው ሰላምታ፣ አንዴማ የሰው ሙሽራ አድርሻለሁ። ያንን አንድ ቃል አላደረስኩም። ስመለስ የኔታ "ምን አለህ?" አሉ። "አላገኘሁትም" አልኳቸው። ይኸው፣ አሁን በአፌም ዋሸሁ። ወር ሳይሞላ ቀበርናቸው። በቀብራቸው ላይ ያዜምኩትም እኔው ነኝ።

ዘንድሮ ሄጄ ነገርኩት። ደጀኔ ሸብቷል፤ የቡና ጆንያ ሲሰፋ አገኘሁት። መርፌውን ሳያቆም እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"የኔታ ልስማው ብለው ነበር?" አለ። ስለ ስሙ አልጠየቀኝም። ስለ ሐሜቱም አልጠየቀኝም።

"ብለው ነበር።"

መርፌው ቆመ። "እኔ እኮ ስጠብቅህ ኖርኩ። መጥተህ እንታረቅ ብትለኝ በዚያው ቀን አነሳው ነበር።"

"እዚህስ አላዜምክም?"

"ሳንታረቅ?" አለኝ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ።

እግሩ ላይ ወደቅሁ። ብብቴን ይዞ አነሳኝ። "በቃ፣ ታርቀናል፤ ተነስ አንተ ነጋዴ!" አለ። ከዚያ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ የዋዜማውን ዜማ ጀመረ። ሻካራነቱ ያው ነው። የመሪውን ድርሻ ጨርሶ ዝም አለ፤ የምቀበለው እኔ ነኝና። አፌን ከፈትኩ። ጎባ የሚያውቀው ድምፄ አልመጣም።

"ዛሬም ታስጠብቀኛለህ?" አለኝ፤ ቆጣ አላለም።

ደጀኔ ይቅር ብሎኛል። የኔታ ግን ንጹሑን ይቅር ብለው፣ በደለኛውን መርቀው ሄዱ። ይህን የሚያቃና ሰው የለም። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ለመጪው ገና ደጀኔ እመጣለሁ ብሏል። በዋዜማው፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ ያደረግሁትን በአፌ እናገራለሁ። ከዚያም ጎንበስ ብዬ፣ የኔታ ይቆሙበት ከነበረው ቦታ ፊት ጸናጽሌን አኖራለሁ። ያን ቀን የኔታ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሰሙት። ያልተሰማው ሁለተኛው የእኔ ነበር።