ወለቴ ዝም ያለች ሰሞን

ነቀምቴ ውስጥ፣ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ ከፀጉር አስተካካዩና ከልብስ ሰፊው መሀል የተሸጎጠች ቡና ቤት አለች። ቡና ቤት ስላችሁ ቢራና ዘፈን እንዳይመስላችሁ። ጀበና ቡና፣ ሻይ፣ ስፕሪስ፣ ጠዋት ጠዋት ቦንቦሊኖ፤ በቃ። በሯ ላይ የተጻፈውን ስም ዝናብ ካጠበው ስንት ዓመቱ! ተማሪው ግን «ወለቴ ጋ እንገናኝ» ነው የሚለው፤ አስተማሪውም፣ የባጃጅ ሾፌሩም እንደዚያው።

ወለቴ የጉራጌ ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ባሏ ገብረወልድ ይዟት ወለጋ ገባ። እሱ ሲሬና ነቀምቴ ገበያ እየተመላለሰ ጨርቅ ሲሸጥ፣ እሷ ከገዢ ጋር ስትከራከር ኦሮምኛውን አንድ ሳይቀራት ለቀመችው። ዛሬ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማት ሰው እዚሁ የተወለደች ነው የሚላት። ገብረወልድ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አንዲት ልጃቸው ሃሌሉያ አዲስ አበባ አግብታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ባሏ በሞተ በዓመቱ ወለቴ ይቺን ቤት ከአቶ አምባዬ ተከራይታ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል እየተኛች፣ ከፊት ቡና ማፍላት ስትጀምር ሰው ሁሉ ለእንጀራ መስሎት ነበር። ምን ለእንጀራ! ጭር ባለው ቤቷ አንድ ቀን ለሬዲዮኑ ጋዜጠኛ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነኝ» ብላ ስትመልስ ራሷን ሰምታ ደነገጠች። የዚያን ሳምንት ነው ቤት ፍለጋ የወጣችው።

እና ታወራለች። ኧረ እንዴት አድርጋ ነው የምታወራው! ተማሪው ገና በርጩማ ስቦ ሳይቀመጥ፣ «አሻም! ከየት ነህ አንተ? ከጊምቢ? እናትህ አለች? መቼ ደወልክላት? ምነው እንዲህ ከሳህ፣ ምግቡ አልተስማማህም?» ትለዋለች፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ስሙን አንዴ ከጠየቀች አለቀ፣ አትረሳም። ማን ፍቅር እንደያዘው፣ ማን በሂሳብ እንደወደቀ፣ የማን አባት መሬት ላይ ክርክር እንዳለበት ታውቃለች። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። እሷ ያቀረቀረውን ልብ አትለውም፤ ሲኒውን ሞልታለት ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

ጣጣው የመጣው በደብተር ነው። ሂሩት የምትባል፣ ከደብረ ብርሃን የተመደበች ቀልጣፋ የማርኬቲንግ ተማሪ፣ ለመመረቂያ ጽሑፏ የወለቴን ቡና ቤት መረጠች። «ማዘር፣ የደንበኛ አስተያየት ያልሰማ ንግድ የትም አይደርስም» አለችና አንድ ደብተር በሲባጎ አንጠልጥላ፣ እስክሪብቶውንም አስራ፣ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቀለችላት።

ወለቴ መጀመሪያ ላይ ደስ አላት። ጠዋት ከሰሉ እስኪያያዝ ድረስ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በተማረችው ፊደል እየቆጠረች ታነባለች። «ቡናው አንደኛ ነው።» «ስኳሩ ይቀነስ።» «የዳሩ በርጩማ ሚስማር ሱሪዬን ቀደደው።» ይኼን ስታነብ ሳቀች፤ ሚስማሩንም ያኔውኑ በድንጋይ መታችው።

ታዲያ ከገጹ ከግማሽ በላይ የተጻፈው በቁቤ ነበር፤ በላቲን ፊደል በሚጻፈው ኦሮምኛ። ቋንቋው የአፏ ነው፣ ፊደሉ ግን ለዓይኗ ባዳ። እንዲህ አድርጋ ኦሮምኛ የምታንበለብል ሴት ማንበብ አትችልም ብሎ ማን ይጠረጥራል? ልጆቹ ጽፈው ሲጨርሱ «አዮ፣ አዩልን?» ሲሏት «አይቻለሁ፣ አይቻለሁ!» ትላለች። አዮ ማለታቸው እናቴ ማለታቸው ነው፤ እናት ደግሞ አላውቅም ማለት ከበዳት። አጉል ኩራት! አንዱን ጎትታ «አንብብልኝ» ብትል ምን ነበረበት?

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ አዲስ አማርኛ አገኘች። እንዲህ ይላል፦ «ማዘር ወሬ ያበዛሉ። ሰው እዚህ የሚመጣው ቡና ሊጠጣ እንጂ ለምርመራ አይደለም። ፈተና ደርሷል፤ እባክዎ ዝም ይበሉልን።» ከሥሩ ሌላ እጅ «እውነት ነው» ብሎ ጨምሮበታል።

ሁለቴ አነበበችው። ፊቷ እሳት ሆነ። ስንት ልጅ በዓይነ ኅሊናዋ አለፈ፤ ይሄ ይሆን? ያቺ ትሆን? ለኔ ለነጋሪው ይኼን የጻፈው የፈተና ጭንቀት ያናወዘው፣ ሌሊቱን ያልተኛ አንድ ምስኪን ነው፤ በማግስቱ ጽሑፉን ራሱም አያስታውሰው። ለወለቴ ግን የስምንት ዓመት ፍርድ ሆነባት። ለካ ስታወራ የኖረችው ለማይሰማት ሰው ነው! ለካ ሲታገሷት ነው የኖሩት! ቅስሟ እንክት አለ። ወዲያውም ዓይኗ በቁቤ ወደተጻፉት ገጾች ሄደ። በአማርኛው እንዲህ ያሉኝ በዚያኛው ምን ብለው ይሆን ብላ አሰበች፤ ከዚያ ወዲህ ማስነበቡንም ፈራችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አፏን ዘጋች። «ስኳር?» ትላለች። «ስንት?» ትላለች። ሌላ ቃል የለም። አገር የሚጠየቅ የለ፣ እናት የሚጠየቅ የለ፣ ስምም አትጠራም። «ፈያ ዳ አዮ?» ብለው ጤንነቷን ሲጠይቋት «ደህና» ብላ ሲኒ ወደማጠቡ ትዞራለች። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያዩና ቡናቸውን ጠጥተው ይወጣሉ። በነዚህ ዓመታት ወለጋ ውስጥ ድንገት ዝም ያለን ሰው አጥብቆ መጠየቅ ነውር ሆኗል፤ ከየት መንገድ ምን መርዶ እንደመጣለት አይታወቅማ! አብሮ ዝም ይባላል እንጂ አይመረመርም። እሷ ግን ዝምታቸውን ስታይ «ይኸው፣ ተመቻቸው» አለች በሆዷ። እንዲህ ሆና አንድ ወር ሙሉ፣ ቤት ሙሉ ሰው መሀል ብቻዋን ከረመች። ባሏ የሞተ ዓመት እንኳ እንዲህ አልከፋትም።

ሃሌሉያ ደውላ «አዲስ አበባ ነይና አብረን እንኑር» ስትላት ድሮ «አልመጣም፣ ልጆቼን ለማን ጥዬ?» የምትል ሴት፣ በሰኔ መጀመሪያ «እሺ» አለች። ልጅቱ ደስታዋን አልቻለችውም። ወለቴ በማግስቱ አምባዬ ቤት ሄዳ ሰኔ ሠላሳ ውሉ ሲያልቅ እንደምትለቅ ቃሏን ሰጠች።

ፈተናው አለቀ፤ ተማሪው ሻንጣውን እየጎተተ ወደ መናኸሪያ ወረደ። ሰኔ ሃያ ሰባት ጠዋት ወለቴ ሲኒዎቿን በጋዜጣ ስትጠቀልል፣ የኮሌጁ የበር ጥበቃ ኦቦ መገርሳ ዶፍ ዝናብ አባሮት ገባ። ከሰሉ እምቢ ብሏት ነበርና ደብተሩን ከሚስማሩ አውርዳ አንድ ገጽ ልትገነጥል ስትል፣ መገርሳ እጇን ያዘ።

«አዴ ወለቴ፣ ምን ነካሽ? ይሄን ታቃጥያለሽ?»

«ስድብ ነው። ይቃጠል።»

«ማን ሰደበሽ? መልስ አልሰጥሽም እንጂ ልጆቹማ ሲጨነቁልሽ ነው የከረሙት። እኔንም በር ላይ እያቆሙ ማን ሞቶባት ነው ይሉኝ ነበር።»

«ምን ጠየቁኝና ነው የምመልሰው?»

መገርሳ ደብተሩን አየ፣ እሷን አየ። ሽማግሌ ነውና ገባው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅባት ነበር፤ እሱ ግን ካፖርቱን አራግፎ ተቀመጠና የግንቦቱን ገጽ ፈልጎ በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ።

«አዮ፣ ማፍ ጨሊስታን? ለምን ዝም አሉ ይላል ይሄ። ይሄኛው... ካስቀየምንዎት ይቅርታ፣ ይላል። ይቺ ደግሞ፣ ለቅሶ ከሆነ ይንገሩን፣ መጥተን እንቀመጣለን። ይሄ... የጊምቢው ነኝ፣ እናቴ ወለቴ ምን ሆነች ብላ ጠየቀችኝ፣ ምን ልበላት?»

ገጽ ይገለብጣል፣ ሌላ ይመጣል። አሥራ ሰባት ሰው ጽፎላታል። ወለቴ መሬቱ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። «ውይ ውይ ውይ» ትላለች። እነሱ በጽሑፍ ሲጠሯት፣ እሷ ደብተሩ ሥር ቆማ ሲኒ ታጥብ ነበር!

መጨረሻ ላይ የነበረው ረዘም ያለ ነው። መገርሳ መጀመሪያ ለብቻው አነበበው፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወርቂቱ ነኝ፤ ሶኬቱ ጋ የምቀመጠው። ጊዳ አያና ቤታችን ከተቃጠለ ወዲህ ኮሌጁ ሲዘጋ አጎቴ ጋ ነው የምኖረው፤ እዚያ የሚጠሩኝ ‹ያቺ ልጅ› እያሉ ነው። እዚህም በማደሪያውም በክፍሉም በቁጥር ነው። እርስዎ ብቻ ነበሩ ወርቂቱ የሚሉኝ። አሁን አንድ ወር ሆነኝ፣ ስሜን ከሰው አፍ አልሰማሁም። አዮ፣ ምን አጠፋሁ?»

ወለቴ ልጅቷን ለማስታወስ አልተቸገረችም። ቀጭን፣ ጥርሷን ሸፍና የምትስቅ፣ ስልኳን ሶኬት ላይ ሰክታ አንድ ሻይ ሁለት ሰዓት የምታቆይ። ከግንቦት በኋላም በየቀኑ መጥታ ነበር። «ስኳር?» ብላት ስትሄድ ልጅቷ ቀና ብላ ታያት ነበር፤ አሁን ነው ያ አስተያየት የገባት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እንደ ልጅ አለቀሰች። መገርሳም ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ሳይነሳ አብሯት ተቀመጠ።

ወርቂቱ ከሁለት ቀን በፊት ወደ አጎቷ ሄዳለች። መገርሳ የሴቶቹን ማደሪያ ተቆጣጣሪ ለምኖ ስልክ ቁጥሯን አመጣ። ግን በዚያ በኩል ኔትወርኩ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ወለቴ ያን ቀን ስምንት ጊዜ፣ በማግስቱ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠራ።

«ማነው?»

«ወርቂቱ!» አለች ወለቴ ጮኻ። «ወርቂቱ! ወርቂቱ!»

«አዮ?» አለች ልጅቷ።

«ምንም አላጠፋሽም፣ ሰማሽኝ? እኔ ነኝ ሞኟ። ሰው ወሬ ታበዣለሽ ቢለኝ አኩርፌ ነው። የጻፍሽውን ማንበብ አልችልም ነበር፤ አልችልም፣ ቁቤ አላውቅም፣ ዋሽቼያችሁ ነው!»

ከወዲያ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ መጣ። መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ። «በመስከረም እመጣለሁ» አለች ወርቂቱ። «እርስዎ ጋ ነው ቀጥታ የምመጣው። ቤቱን አይዝጉብኝ።»

«አልዘጋም!» አለች ወለቴ። ስልኩ ተቋረጠ።

አልዘጋም አለች እንጂ ቤቱማ ሄዷል። በዚያው እግሯ አምባዬ ጋ ሮጠች። አምባዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የነገራት። ሞባይል ጠጋኝ ተከራይቶት መደርደሪያውን ሳይቀር አስለክቷል። «ቃል ነው ወለቴ፤ አንቺም ቃል ሰጠሽኝ፣ እኔም ለሰው ሰጠሁ» አላት። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ደግማ ለመነችው። ዋጋ አልነበረውም።

ሁለት ቀን ጭቃውን እያቦካች ዞረች። የኮሌጁን ዙሪያ በር በበር አንኳኳች። በመጨረሻ ከኮሌጁ ጀርባ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ፣ ሰው እምብዛም በማያልፍበት ቦታ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አገኘች። በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈሳል። ስድስት በርጩማ ቢገባበት ነው። መገርሳ ዕቃዋን በጋሪ አስጭኖ አወረደላትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ኮሌጁ እስከ መስከረም ዝግ ነው፤ በዚያ መንገድ ቡና ብሎ የሚመጣ ነፍስ የለም። ወለቴ ሲኒዎቿን ከጋዜጣው ፈትታ ደረደረችና በባዶው ክፍል መሀል ተቀመጠች። ዝናቡም ጀመረ።

ሃሌሉያ ደወለች። «እማዬ፣ ክፍልሽን ቀለም አስቀባሁልሽ። ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?»

«አልመጣም ልጄ።»

«ምን? ቤቱን አስረክበሽ የለም እንዴ? የት ልትኖሪ ነው?»

«ቤት አግኝቻለሁ። እንግዳ አለብኝ።»

«የምን እንግዳ ነው በዚህ ክረምት?»

«አታውቂያትም። በመስከረም ነው የምትመጣው።»

የሃሌሉያ ድምፅ ቀጠነ። «እኔስ እማዬ? እኔ ልጅሽ አይደለሁም?»

«ነሽ እንጂ፤ ነፍሴ አይደለሽ እንዴ! ግን አንቺማ ሰው አለሽ» አለች ወለቴ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበርና ልጇ ምን ብላ እንደመለሰችላት አልሰማችም።