የሚኒባስ ሾፌሯ አንገት

ሰው ከኋላ ሲጠራት እንደ በር ሙሉ ገላዋን ይዛ ትዞራለች። መኪና ከኋላ ገጭቷት አንገቷ ከተናጠ ዓመት አልፎታል፤ የማያውቋት ግን «ምን ያኮራታል!» ይሏታል። እርሷም ሰው ከሚያዝንላት ሐሜቱን ትመርጣለች። የአንገት መደገፊያውን ከሚገባው ጊዜ በላይ ማሰሯ አንገቷን እንዳደረቀው ሐኪሟ ከነገረቻት ወዲህ፣ ማለዳ ማለዳ ጥርሷን ነክሳ ቀስ እያለች ታፍታታዋለች። ወደ ኋላ ዞራ ማየት እስክትችል ድረስ መሪ እንደማትጨብጥ ለራሷ ምላለች።

ዛሬ ከሕክምናው ስትወጣ የሚኒባሷን ቁልፍ ከታናሽ ወንድሟ እጅ ወሰደች። ገብታ የኋላ ማርሽ ስታስገባ እርሱ ደንግጦ ከሚኒባሱ ኋላ ሮጦ ቆመና እጁን እያወዛወዘ፣ «ነይ! ነይ! ቀስ!» ይላት ጀመር። አገጯን እስከ ትከሻዋ አዞረች። አመማት፤ ግን አንገቷ ዞረላት።

«ገለል በል አንተ!» አለችው። «አየሁህ እኮ!»