ክር ሳንይዝ የሄድንበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከካውያ አጠገብ ነበር። ቤታችን ሲሬ፣ ወደ ነቀምቴ ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ከእኛ ሦስተኛው ቤት በረንዳ ላይ ጋሽ አያሌው የሚባሉ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናቸውን አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው እዚያው አግብተው የቀሩ ሰው ናቸው። ኦሮምኛውን አቀላጥፈው ይናገሩታል፤ ተረት ሲያወሩ ግን ወደ አማርኛቸው ይመለሱ ነበር። እኔም አማርኛን ከትምህርት ቤት ይልቅ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ያኔ መብራት እየደጋገመ ስለሚጠፋ ካውያቸው የከሰል ነበር። ማምሻውን የተሰፋውን ሱሪ ለመተኮስ ከሰል ይጨምሩና፣ ክዳኑን ከፍተው በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ፣ ፍሙ እስኪቀላ ድረስ ያለችውን ጊዜ በተረት ይሞሏት ነበር። ፋኖሱ ከበረንዳው እንጨት ላይ ይንጠለጠላል፤ የከሰሉ ጭስ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ እኔና ሁለት ሦስት የሰፈር ልጆች የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጠን እንሰማለን። ካውያው ሲግል ተረቱ አለቀም አላለቀም ይቆማል። መጨረሻቸውን እስከ ዛሬ የማላውቃቸው ብዙ ተረቶች አሉኝ።

እናቴ፣ አዮ ነው የምላት፣ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ ለሙሽሮች የአልጋ ልብስ ትሠራለች። ዳንቴልም ሹራብም ትችላለች። ዕቃዋ ሁሉ የሚቀመጠው አልጋ ሥር በሚገፋ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር፤ የየቀለሙ የጥልፍ ክር፣ የሹራብ ክር፣ መቀሶች፣ ጨርቅ መወጠሪያ ክብ እንጨቶች፣ ኪሮሾች፣ በወረቀት ላይ የተሰኩ የእጅ መርፌዎች፣ አባቴ አናጺ ስለሆነ ከቀርከሃ ጠርቦ የሠራላት አጫጭር የሹራብ መርፌዎች። ሣጥኑን መንካት የሚፈቀደው ለእኔ ብቻ ነበር። ሥራዬ ክሮቹ እንዳይወሳሰቡ መጠቅለል ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ አዮ አረገዘች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ ጊዜው ሳይደርስ ጨንግፎባታል። ስለዚህ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ፣ «ሲሬ እያለሽ ምጥ እንዳይመጣብሽ። ነቀምቴ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የነፍሰ ጡሮች ማቆያ አለ፤ እዚያ ሄደሽ ጠብቂ» አለቻት። አባቴ የጀመረው ሥራ ስለነበረበት አብሮን ሊቀመጥ አልቻለም። ክረምት ሆኖ ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ከእሷ ጋር የምሄደው እኔ እንድሆን ተወሰነ።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ምሽት ለመሰናበት ወደ ጋሽ አያሌው በረንዳ ሄድኩ። ከሰሉ እርጥብ ስለነበር ቶሎ አልቀላም፤ በዚያ ምክንያት ይህኛውን ተረት እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አንዲት እናት ሦስት ሴት ልጆቿን ወንዝ ማዶ ዳረች። ሊሰናበቷት ሲመጡ የመስፊያ ሙዳይዋን ከፈተችና፣ «ከዚህ አንድ አንድ ነገር ውሰዱ፤ ሁለት ማንሳት የለም» አለቻቸው። ትልቋ የሚያምረውን ጨርቅ አነሳች። መካከለኛዋ ትልቁን ልቃቂት አነሳች። ትንሿ አንዲት መርፌ ብቻ ይዛ ወጣች፤ እህቶቿ መንገዱን ሙሉ ሲስቁባት ሄዱ። ዓመት ሳይሞላ ጨርቁ ተቀደደ፣ ክሩም አለቀ። ትንሿ በገባችበት አገር ግን ጥጥ በየጓሮው ነበር፤ መርፌ ያለው ሰው አልነበረም። ልብሱ የተቀደደበት ሁሉ ደጇን ያንኳኳ ጀመር፤ ልጅቷም ባዕድ አገር ሄዳ ሰው አላጣችም።

«ክር የማያበቅል አገር የለም፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ ጋሽ አያሌው፤ «ልጄ» ሲሉ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር። «መርፌ የሚያበቅል አገር ግን እኔ አላየሁም።»

ከዚያ ካውያውን አነሱ።

በማግስቱ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን እናቶች ሊጸልዩላት መጥተው ቤቱ ሞልቶ ነበር። አባቴ ሚኒባሱ ትርፍ ዕቃ እንደማይጭን ነግሮናል፤ አንድ የልብስ ቦርሳ፣ አንድ የእህል ከረጢት፣ በቃ። አዮ ከሰዎቹ መካከል ጠራችኝና ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሰጠችኝ።

«እጄን አጣምሬ ወር ሙሉ ከተቀመጥኩ በሐሳብ አልቃለሁ» አለችኝ። «በዚህች የሚገባውን ያህል ያዢልኝ። የሚያስፈልገኝን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሣጥኑን ስቤ አጠገቡ ተንበረከክሁ። መጀመሪያ የጨመርኩት ክር ነበር፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው። ቆርቆሮው ወዲያው ሞላ። አየሁትና መልሼ ገለበጥኩት። ከዚያ የአባቴን የቀርከሃ መርፌዎች አስገባሁ፤ ኪሮሾቹን፣ የእጅ መርፌዎቹን ከነወረቀታቸው፣ ሁለቱን መቀሶች አስከተልኩ። የቀረው ቦታ ሁለት ጥቅል ክር ይይዝ ነበር። እጄ ወደ ነጩ ክር ሄዶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ግን ትንሹን የጨርቅ መወጠሪያ አስገብቼበት ክዳኑን ገጠምኩ። ማንም ያላወቀውን ነገር ያወቅሁ መስሎኝ ልቤ ኮርቷል።

ማቆያው ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ረጅም ክፍል ነበር። ዝናብ ሲጥል ሰው ከሰው አይደማመጥም። ሴቶቹ ከአርጆ፣ ከጊምቢ፣ ከየገጠሩ የመጡ ናቸው፤ ከኋላ ባለችው ማብሰያ ቤት አስታማሚዎቻቸው ተራ እየጠበቁ ይቀቅላሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ተሰለፍኩ። በሁለተኛው ቀን አዮ ቆርቆሮውን ከፈተች። ዕቃውን አንድ በአንድ አወጣችና ባዶውን ቆርቆሮ ዘቅዝቃ አራገፈችው።

«ክሩስ?»

«ክር የማያበቅል አገር የለም» አልኳት።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ጋሽ አያሌው።»

«እንግዲያውስ ጋሽ አያሌው እዚህ መጥተው ያብቅሉልኝ!» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማብሰያ ቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። የተቆጣችኝ ስለ ክሩ ብቻ እንዳልነበረ፣ ፈርታ እንደነበር፣ ያኔ አልገባኝም።

ከአዮ ቀጥሎ ባለው አልጋ ዘሀራ የምትባል ሴት ነበረች። የመጣችው ከኪራሙ ነው፤ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ባሏ አምጥቷት ወደ እርሻው ተመልሷል። ኦሮምኛዋ የገበያ ኦሮምኛ ነበር። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት «ፋያዳ?» ብለው ደኅንነቷን ይጠይቋታል፤ «ፋያ» ትላለች፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ቀኑን ሙሉ አንድ ቡናማ የወንድ ሹራብ በጣቷ እየተረተረች ክሩን ትጠቀልል ነበር። አልቅሼ ዓይኔ ቀልቶ ስገባ አየችኝ መሰለኝ፣ በማግስቱ ጠራችኝ።

«የኔ እናት፣ እማማሽ የሹራብ መርፌ ታውሰኝ ይሆን? ክር አለኝ፤ መሥሪያው ነው የቸገረኝ።»

አዮ ሰማቻት። መርፌዎቹን አንስታ፣ «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አለቻት በአማርኛ። ዘሀራ ከጥቅልሉ ግማሹን ለአዮ ሰጠቻትና አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ሹራቡ የማን ነው?» አለች አዮ።

«የባሌ ነዋ!»

«ያውቃል?»

«ብርዱ ሲመጣ ያውቃል» አለች ዘሀራ።

አዮ ሳቀች። ከሲሬ ከወጣን ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለቱም ለሚወለዱት ልጆች ቆብ ጀመሩ። ሌሎቹም ሴቶች አዩ። አንዷ ቀሚሷን የምትጠቅምበት መርፌ ጠየቀች፣ አንዷ ኪሮሽ፣ አንዷ መቀስ። ጠዋት ቆርቆሮው ባዶ ይሆናል፣ ማታ ይሞላል። ለመመለስ የመጣችው ሁሉ ትንሽ ተቀምጣ ታወራለች። በሳምንት ውስጥ ዘሀራን በስሟ የማይጠራት አልነበረም። እኔም ተመልሼ ኮራሁ፤ አዮን ግን «አላልኩሽም?» ለማለት አልደፈርኩም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አዮ ጠራችኝ። ፊቷ ትንሽ ገርጥቶ ነበር።

«የቆቡን ጠርዝ የምሠራበት ነጭ ክር ግዢልኝ» አለችኝ። «እዚህ በር ላይ ያለው ሱቅ የሚሸጠው ይበጣጠሳል። ጨለለቂ ሰፈር ድረስ ሂጂ። አትሩጪ፣ መንገዱ ያንሸራትታል።»

ሄድኩ። ጨለለቂ ስደርስ ዝናቡ ወረደ። የክር መሸጫ ሱቅ አገኘሁና ነጩን ያዝኩ። ባለሱቋ፣ «መል በርባዳ? ሌላ ምን ልስጥሽ?» ስትለኝ ዝናቡ እስኪያባራ የምቆምበት ሰበብ ስላገኘሁ ባለቀለሞቹን ክሮች አንድ በአንድ እያወረደች እንድታሳየኝ አደረግኋት። አንድ ወይን ጠጅ ክር ነበር፤ ወደ ብርሃን እያወጣሁ አየሁት፣ መለስኩት፣ እንደገና አየሁት። ዝናቡ ካባራ በኋላም ቆሜ ነበር።

ስመለስ የአዮ አልጋ ባዶ ነው። አንሶላው ተነስቷል። ቡናማው ቆብ መርፌው እንደተሰካበት መሬት ላይ ወድቋል። አንዲት የአርጆ ሴት ክንዴን ይዛ፣ «ደም ፈሰሳት፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ወስደዋታል» አለችኝ።

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ከክፍሉ በር ፊት ባለው አግዳሚ ላይ ዘሀራ ተቀምጣ ነበር። እሷም የደረሰች ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሷል። ደሙ ሲመጣ በዝናቡ ሮጣ፣ አዋላጆቹን በአማርኛም በኦሮምኛም እየጮኸች የጠራችው እሷ ናት። አልጋው ሲገፋም እስከ በሩ ድረስ የአዮን እጅ አልለቀቀችም። ይህን ሁሉ በኋላ ከሌሎቹ ነው የሰማሁት። እሷ ያን ጊዜ ጎኗ አስቀመጠችኝ።

«ክር ይዤ መጥቼ ቢሆን ኖሮ አልሄድም ነበር» አልኳት እያለቀስኩ። «እኔ እጠራላት ነበር።»

«እሽ» አለችኝ ጀርባዬን እየደባበሰች። «ተይው። ተይው እሱን።»

የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው።

ብዙ ቆየን። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ወጥታ አዮም ልጁም በሕይወት እንዳሉ ነገረችን። ወንድ ነው፤ ትንሽ ነበር፣ እጅግ ትንሽ። የአዮ ቆብ ስላላለቀ፣ ዘሀራ ለልጇ ሠርታ የጨረሰችውን አምጥታ አደረገችለት። መልሳም አልወሰደችውም። ከአራት ቀን በኋላ እሷ ሴት ልጅ ስትወልድ አዮ ተጋድማ የጨረሰችውን፣ ጠርዙ ነጭ የሆነውን ቆብ ለልጅቷ ላከች።

ሲሬ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። ጋሽ አያሌው ከመኪናቸው ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። «መርፌ ባትይዢ ያቺ ሴት የእናትሽ አልጋ ጠርዝ ላይ አትቀመጥም ነበር፤ አየሽ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ተረቱን ለሰፈሩ ልጆች ሲነግሩ የእኔን ታሪክ ይጨምሩበት ነበር። ልጆቹም ዞረው ያዩኛል። እኔ ግን የተረቱን ሌላ ጎን አውቃለሁ፤ አንድ ጥቅል ነጭ ክር ይዤ ቢሆን እናቴ ደሟ ሲፈስ እኔ ጨለለቂ ሱቅ ውስጥ ወይን ጠጅ ክር እያየሁ አልቆምም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቀስ በቀስ ወደ በረንዳው መሄዴን ተውኩ፤ ሰውየው እስኪሞቱ ድረስም ለምን እንደቀረሁ አላወቁም።

ወንድሜ አደገ፤ አሁን ከእኔ ይረዝማል። ዘሀራ ለገና ትደውል ነበር፤ አዮ ደግሞ ለኢድ ትደውልላታለች። ሰላም ጠፍቶ የኪራሙ መንገድ ከተበላሸ ወዲህ ግን ስልኳ አይጠራም። የት እንዳለች አናውቅም።

ባለፈው ዓመት እኔም አረገዝኩ። አዮ ልታርሰኝ ነቀምቴ እኔ ቤት መጥታ አንድ ከሰዓት የልጅ ልብስ ስናጥፍ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ነገር አነሳሁባት። ስለ ክሩ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

«የትኛው ክር?» አለችኝ። ረስታዋለች።

«ያን ዕለት ጨለለቂ የላክሽኝ፣ ነጩ።»

ያጠፈችውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ከንጋት ጀምሮ እያመመኝ ነበር እኮ» አለችኝ። «የፊተኞቹ ሁለቱ ሲሄዱብኝ ቤት ውስጥ ሆነሽ ጩኸቴን ሰምተሻል። ሦስተኛውን እንድትሰሚ አልፈለግሁም። ዘሀራ አዋላጅ ልጥራ ብትለኝ፣ ልጄ ከግቢው እስክትወጣ ጠብቂ አልኳት። ደሙ እንደዚያ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ክር ይዘሽ መጥተሽ ቢሆን ጨው ግዢልኝ ብዬ እልክሽ ነበር።» ልብሱን መልሳ አነሳችና፣ «በር ላይ ያለው ሱቅ የሚሸጠው ክርም ምንም አይልም ነበር» አለች።

ጋሽ አያሌው ስለ መርፌው፣ እኔ ስለ ክሩ ስናስብ፣ ስለ አዮ ራሷ ሁለታችንም አላሰብንም። ከዚያ ክረምት ጀምሮ ጥፋቴ ነው ብዬ ይዤው የኖርኩት ነገር በእውነት የሆነው አልነበረም። ዘሀራ ግን ታውቅ ነበር። አግዳሚው ላይ ሳለቅስ እውነቱ አፏ ላይ ደርሶ፣ አዮ የደበቀችኝን ላለማውጣት ዋጠችው። ከዚያ በኋላ ስትደውልም በየዓመቱ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ እኔ ነበር፤ «ያቺ ልጅ ደኅና ናት?» እያለች። ድምፅዋን የምሰማበት ቀን ከመጣ አስቀድሜ የምነግራት፣ አዮ ራሷ እንደነገረችኝና ከእንግዲህ ደብቃ መያዝ እንደሌለባት ነው።