ጭራቁን ማሸት ያቆምኩበት እሁድ

ዛሬ ከሰዓት ቡታጅራ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ጭራቅ ጥዬ እልል አልኩ! የቤቱ ባለቤት ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት እየሮጠ መጣ።

ልጄ ራሕመት የምትማረው አዲስ አበባ ነው። እሁድ እሁድ ከጓደኞቿ ጋር በኢንተርኔት የምትጫወተው የውጊያ ጌም ላይ እኔም አለሁ። ናፍቆታችንን የምንወጣው በዚያ ነው።

ግን ምቴ አይጎዳም። ጓደኞቿ "እናትሽ ጭራቁን እያሸችው ነው" እያሉ ይጽፋሉ። ባለፈው እሁድማ "ካልተሻሻለች በሷ ቦታ ሌላ ሰው እናስገባ" አለች አንዷ። ሳምንቱን ሙሉ ከፍቶኝ ሰነበትኩ።

ዛሬ ራሕመት ደወለችልኝ። "እማ፣ ጌሙ የሰጠሽን ነጥቦች ምን ምን ላይ ነው ያደረግሽው?"

"ለጉልበትም፣ ለጤናም፣ ለጥበብም፣ ለዕድልም እኩል እኩል ነዋ!"

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ቅርጫ አይደለም!" ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ምን ላድርግ፣ እኛ ሰፈር በሬ ታርዶ አንዱን መደብ ያስበለጠ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይታማል።

ለካ ክሪቲካል የሚሉት ነገር፣ አንዷ ምት የሁለት የሦስት ምት ያህል ስትጎዳ ማለት ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚመጣውም ዕድል ላይ ነጥብ ሲጨመር ነው። ከጥበብ ቀንሼ ዕድል ላይ ቆለልኩት። (ጥበብ ያለኝ ይበቃኛል።)

ጭራቁ ሊጨርሰን ሲል ሰነዘርኩ። ክሪቲካል! ተዘረረ! መብራቱም አልሐምዱሊላህ አልጠፋም።

ሌላ ሰው እናስገባ ያለችው ልጅ ራሷ "እማማ፣ የሚቀጥለው እሁድ እንዳይቀሩብን" ብላ ጻፈችልኝ።

እናንተስ፣ ከራቁ ልጆቻችሁ ጋር ለመዋል ስትሉ ምን ጉድ ተማራችሁ? ንገሩኝ እስቲ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ።