ፍልፈል የፈራው ጉድጓድ

ፍልፈል ጉድጓድ ይፈራል ቢባል ማን ያምናል? ዕድሜውን ሙሉ ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የቤት መሠረት፣ ብቻ መሬት ይከፈት ከተባለ የሚጠራው እሱ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የሥራ ባልደረባው ራዲዮ ነው፤ ራዲዮም ስሙን ያገኘው አፉ ስለማይዘጋ ነው። ጉድጓድ እንደሚፈራ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነች። ጎረምሳ ሳለ የውሃ ጉድጓድ ተንዶበት እስከ ብብቱ ውጦት ነበር። ጎትተው አወጡት፤ በማግስቱ አካፋውን ይዞ ተመለሰ። ሌላ ሙያ የለውማ! ከዚያ ወዲህ ግን በር ተዘግቶ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ብርድም ቢሆን ገርበብ ማለት አለበት።

«ሌባ ሲገባ አንተን ረግጦ ነው የሚያልፈው» ትለዋለች ሚስቱ።

«ይርገጠኝ፣ አየር ይግባ እንጂ» ይላል።

አሁን የሚሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ደረቅ ደን ውስጥ ነው፤ ዝናብ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጎበኘው፣ ዛፎቹ ተራርቀው የቆሙበት ደን። ተመራማሪዎች አፈሩ ምን ያህል ካርቦንና ለተክል ምግብ የሚሆን ንጥረ ነገር እንዳከማቸ ሊለኩ መጥተዋል። ኃላፊዋ ሳቂታ ሴት ነች። «ዛፉ ከአየር የወሰደውን በቅጠሉና በሥሩ አድርጎ አፈር ውስጥ ያስቀምጣል፤ የደን ጎተራው ከመሬት በታች ነው» ብላ ስታስረዳው፣ «ታዲያ ክዳኑን ልክፈትልዎት» ብሎ አስቋታል። የጎተራውን ወለል ለማየት ግን ከሰው ቁመት የሚጠልቅ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ናሙናውም የሚወሰደው ከታች ጀምሮ ነው፤ ከላይ ቢጀመር የላይኛው አፈር እየረገፈ ከታችኛው ይቀላቀላል። ስለዚህ ናሙና ወሳጁ ሥራውን የሚጀምረው ከጥልቁ ነው።

ናሙና ወሳጇ ደግሞ ልጁ ነች።

ከኮሌጅ እንደወጣች ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ገና ሳይጀምሩ «አባዬ፣ እባክህ እዚያ ልጄ አትበለኝ፤ በአባቷ ገባች ይሉኛል» ብላ አስምላዋለች። ባለፈው ሳምንት፣ ከዛፍ ሥር በቆፈሩት ጉድጓድ፣ ግድግዳው የተንቀሳቀሰ መስሎት «ውጡ!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ጓል እንኳ አልወደቀችም። «ፍልፈል ጥላውን አይቶ በረገገ!» እያለ ራዲዮ ሰፈር ለሰፈር አወራበት። ልጁም ማታ ቤት ገብታ አላነጋገረችውም።

የዛሬው ጉድጓድ ግን ሌላ ነው። ለማነጻጸር ሲባል በዛፎቹ መሀል ካለው ገላጣ ላይ ተመረጠ። ከዛፍ ሥር የነበረው አፈር ጠቆር ያለ፣ ሥር እንደ መረብ የያዘው ነበር። ይሄኛው ገርጥቶ እንደ ዱቄት ይፈሳል። ሲቆፍር ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው፤ የሚይዘው ነገር የለም። መውጫ ደረጃ አበጀለት፣ አፉንም አሰፋው። ልቡ ግን አልረጋም።

«ዶክተር፣ ይሄ አፈር አይታመንም» አላት ኃላፊዋን።

«ባለፈውም እንዲህ ብለው ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለችው በለዘብታ። እውነቷን ነው።

ልጁ የአፈር ናሙና መውሰጃ የብረት ቀለበቷንና መዶሻዋን ይዛ ወረደች። ቀለበቱ ግድግዳው ላይ እየተመታ ይገባል፤ አፈር ሞልቶት ይወጣል። ፍልፈል ጠርዙ ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ምት በደረቱ ይቀበላል። ከእግሩ አጠገብ አፈር እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ታች ፈሰሰ። ቆመ። ደግሞ ፈሰሰ። መዶሻው ነው ወይስ ግድግዳው? ቢጮኽ ሊያሳፍራት ነው። ዝም ቢልስ? ያን ማሰብ አልቻለም።

ሳይታወቀው ወረደ። ጀርባውን ለሚፈሰው ግድግዳ ሰጥቶ በእሷና በአፈሩ መሀል ቆመ።

«ምን ልትሠራ ገባህ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«መዶሻ ላቀብልሽ ብዬ።»

«እጄ ላይ ነው ያለው እኮ!»

«እንግዲያው ቀለበቱን ልያዝልሽ።»

«ፍልፈል እዚያው ጎጆ ሊወጣ ነው እንዴ?» አለ ራዲዮ ከላይ።

ልጅቷ አልሳቀችም። እጁን እያየች ነበር። ቀለበቱን የያዘው እጅ ይንቀጠቀጣል። ላብ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ይወርዳል፣ አይጠርገውም፤ ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ይተነፍሳል። ይህን ሰው አታውቀውም። እሷ ያደገችው አባቴ ምንም አይፈራም እያለች ነው።

«አባዬ» አለች፣ ሰው እንደሚሰማት ረስታ። «ትፈራለህ እንዴ?»

«ሁልጊዜ» አላት።

መዶሻውን አስቀመጠች። ቀለበቱን በመዳፏ ቀስ እያለች ገፋችው፣ ሲሞላም አወጣችው፤ ከዚያ አባቷን አስቀድማ ደረጃውን ወጣች። ግድግዳው አልተናደም። ራዲዮ ጉድጓዱን አየ፣ ፍልፈልን አየ፣ አፉን ሊከፍት ሲል ልጅቷ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ቀሪውን እርስዎ ይግቡና ይጨርሱልኝ» አለችው። ራዲዮ ባትሪ ጨረሰ።

ወደ ኃላፊዋ ሄደች። «ከዛሬ ጀምሮ አባቴ ጠርዙ ላይ ይቁምልኝ። ውጪ ሲለኝ እወጣለሁ። አፈሩ ባይወድቅም እወጣለሁ።» ኃላፊዋም ተስማማች፤ ሳንቃ አስመጥታ ግድግዳውን አስደገፈች።

ፍልፈል የፈለገው ይህንኑ ነበር። ግን እፎይ አላለም። እስካሁን የፈራው አፈሩን ነበር፤ አሁን የገዛ ዓይኑንም ይፈራ ጀመር። ቢዘናጋስ? አንድ ጊዜ ዘግይቶ ቢጮኽስ? ልጅቷ ደግማ ስትወርድ ጠንከር ካለው ጠርዝ ላይ በሆዱ ተኛ፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል።

«አለህ?» አለችው ከታች።

«አለሁ» አላት። ትንሽ ቆይቶም፣ ሳትጠይቀው፣ «አለሁ» አለ።